ነገ መስቀል ነው፤ ቡና ይዘናል

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን፣ እህቴ ቤት ሆኜ ነው። ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ። ልጆቹ ችቦ እያሰሩ ደመራው ወዴት እንደሚወድቅ ከአሁኑ ይከራከራሉ። ነገ በጠዋት ወደ አንኮበር እንሄዳለን። መንገዱ ሰላም ነው ብለውናል፣ ይመስገን። መንገድ ተዘግቶባችሁ ዘንድሮም ከወላጆቻችሁ ርቃችሁ የምትውሉ፣ ለከርሞ ያገናኛችሁ።

ለእኛ ቤት ዘንድሮ እንደ ወትሮው አይደለም።

ጥር ላይ አክስታችን አረፉ። ከአርባቸው በኋላ ሳጥናቸውን ስንከፍት የቅድመ አያታችን ዳዊት ተገኘ። ማኅደሩ አልቋል፤ ብራናው ግን እንዳለ ነው። ስለ እኚህ ሰው እየሰማን ያደግነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነጋዴ ናቸው፣ አልዩ አምባ ገበያ ወርደው አሞሌ ጨው ያመጡ ነበር።

መጨረሻውን የገለጠችው እህቴ ናት። ከመዝሙሩ በኋላ በተረፈው ባዶ ቅጠል ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ በተጨናነቀ ጽሕፈት የቤቱ ሒሳብ ሰፍሯል። ማን ተወለደ፣ ማን ስንት ተበደረ። መሃል ላይ አንድ መስመር አለ። በዘመነ ሉቃስ አንዲት በቅሎ፣ ሁለት በሬ፣ አንዲት ልጅ። የበቅሎዋ መልክ ሳይቀር ተጽፏል፤ ዳማ ናት። ስለ ልጅቷ ምንም የለም።

አልዩ አምባ ጨው ብቻ እንዳልተሸጠበት አንብቤ አውቅ ነበር። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ሰዎች በዚያ በኩል ከሲራራ ነጋዴ ጋር እስከ ታጁራ ወደብ ይነዱ ነበር። ግን ሳነበው የሌላ ሰው ታሪክ ነበር። የእኛ ሰው አሞሌ ነው ያመጡት።

ልጅቷን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። የልጅ ልጇ፣ እማማ የምንላቸው፣ ከአክስታችን ቤት በታች ነበር የሚኖሩት። በዓል በመጣ ቁጥር ስኒ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ሁልጊዜ በሩ ጋ፣ አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ። አንድም ቀን «ወደ ውስጥ ይግቡ» ሲባሉ አልሰማሁም። ልጅ ሆኜ ቦታውን ለነፋሱ ብለው የሚወዱት ይመስለኝ ነበር። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤት ውላጅ» ይሏቸዋል። ምን ማለት ነው ብል «ዝም በል፣ ነውር ነው» ተባልኩ። ከባሪያ የተወለደ ማለት እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ነውሩ የእሳቸው መስሎኝ አደግሁ።

በ1985 የአጎቴ ልጅ የእማማን ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤቱ ተሰብስቦ አጥንት ቆጠረ። ሰባት ቤት። «አይሆንም» ተባለና ቀረ። እኔ ጠላ እየቀዳሁ እዚያው ነበርኩ።

ያኔ ባርነት በአዋጅ ከተሻረ ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር። ኢትዮጵያ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ነው። በመስቀል ዕለት! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን መስቀል ደጋግሜ አስባለሁ። ቅድመ አያቴ ችቦ ይዘው ደመራውን ሲዞሩ እሷ የት ቆማ ነበር? በነሐሴ 1934 ሙሉ በሙሉ ሲሻርስ፣ ነፃ ናችሁ የተባሉት የት ይሂዱ? ርስት የለ፣ ወገን የለ። ከጓሯችን በታች ጎጆ ቀልሰው ቀሩ።

ዳዊቱ ከተገኘ በኋላ አምስት ወር ተከራከርን። አንዱ አጎቴ «ቅጠሏን ቀድዳችሁ አቃጥሏት» አሉ። ሌላው «ዘመኑ ነው፣ ሁሉም ያደርገው ነበር» አሉ። ጋሼ፣ እወድዎታለሁ። ግን ሁሉም አላደረገውም። ሰው የገዛው ብር የነበረው ነው። በዚያች ልጅ ጉልበት ቤታችን ቆመ፣ አባቴ ተማረ፣ እኔ ተማርኩ።

እኛ ስንከራከር ነሐሴ ላይ እማማ አረፉ። ይቅርታ ሳንጠይቃቸው። ዓመቱን ሙሉ ከሆነብኝ ሁሉ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

እህቴ፣ ዳዊቱን ከእጃቸው ነጥቀሽ በነጠላሽ ስለጠቀለልሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የንስሐ አባታችን፣ «እኔ ጋ ምን አመጣችሁ? ቤታቸው ሂዱ» ስላሉን ያቆዩልን።

ጳጉሜን ላይ ሄድን። «ዘመኑ ነው» ያሉት አጎቴ ከደጃፉ ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ማንም አልነገራቸውም። የእማማ ልጅ ወጥታ «ያውርዱት ጋሼ፣ ይግቡ» አለቻቸው። ገባን። ብራናውን አሳየናት። አየችው፤ አልነካችውም።

«ስሟን አትጽፉም እንዴ?» አለች።

አናውቀውም አልናት። ዝም ብላ አየችን። ከዚያ የክርስትና ስሟን ነገረችን። ቀጥላ እናቷ ያወጣችላትን ስም። እማማ ነበሩ የነገሯት፤ ለእማማ ደግሞ እናታቸው። መቶ ዓመት ሙሉ ከአጥራችን ማዶ ነበር። የጠየቀ የለም።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የእነሱ ነው። በጸሎት እንድናነሳው ግን ፈቅዳልናለች፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

ይቅር አላለችንም። «እስቲ ለመስቀል ኑ» ነው ያለችን።

የአጎቴ ልጅ፣ ካለህበት አገር ይህን ካነበብክ እንኳን አደረሰህ። ያን ቀን ዝም ስላልኩ ይቅር በለኝ። ዘንድሮ ልጅ የምትድሩም እንኳን አደረሳችሁ፤ አጥንት ልትቆጥሩ ከተቀመጣችሁ ከራሳችሁ ቤት ጀምሩ። እትዬ፣ አንቺ ደግሞ እናትሽ የሌሉበት የመጀመሪያ መስቀል ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ልጆቹ ችቦውን አስረው ጨርሰዋል። ቡናውን ለቅመነዋል፣ ስኳሩም ተቋጥሯል። የት እንደምታስቀምጠን እሷ ናት የምታውቀው።