እማዬ እና የዋኩላው ጭራቅ

«ጠበል ነው የምትወስደኝ?» አለችኝ እማዬ፣ ገና ከአትላንታ ሳንወጣ።

«ምንጭ ነው። ጠበል ግን አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምን አለው?»

እዚህ ጋ ዝም አልኩ። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችን የ71 ዓመት እናት አምስት ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ አስቀምጬ የምወስዳት፣ በ1954 የወጣ የጭራቅ ፊልም የተቀረጸበትን ውሃ ላሳያት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) እንዴት ብዬ ልንገራት? ቆሎ እንድታቀብለኝ ጠየቅኳትና ወሬ ቀየርኩ።

ጥፋቱ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የሌሊት ፈረቃ አብረን እንሠራለን። ስልሳውን ያለፈ አሜሪካዊ ነው። ፈረቃ ከሌለው ቅዳሜ ማታ ከሶፋው የሚያነሳው የለም። ስቬንጉሊ የሚባል ሰውዬ ፊቱን ተቀብቶ፣ ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ፣ የድሮ ጭራቅ ፊልም የሚያቀርብበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አለ። ሰውየው ደረቅ ቀልድ በቀለደ ቁጥር የላስቲክ ዶሮ ይወረወርበታል። አዎ፣ የላስቲክ ዶሮ። ባልደረባዬ ያንን እያየ እንደ ሕፃን ይስቃል።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1957 ዩኒቨርሳል ከሠራቸው አስፈሪ ፊልሞች 52ቱ በጥቅል ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ቀረቡ። ድራኩላ፣ ፍራንከንስታይን፣ ሙሚው፣ ተኩላው ሰው፣ ሲኒማ ቤት የረሳቸው ሁሉ ሳሎን ገቡ። በዓመቱ ስለ እነሱ ብቻ የሚያወራ መጽሔት ወጣ። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ አያት ሆነውም ራሳቸውን «የጭራቅ ልጆች» ብለው ይጠራሉ። ባልደረባዬ ትንሽ ዘግይቶ ነው የደረሰው፣ ግን ከባሰባቸው አንዱ ነው። መደርደሪያው ላይ በልጅነቱ በማስቲሽ እየገጣጠመ የሠራው የፕላስቲክ ጭራቅ ቆሟል። የዓሣ ፊት፣ የሰው ቁመና፣ በጣቶቹ መሃል እንደ ዳክዬ እግር ቆዳ ያለው። አረንጓዴ ቀብቶታል።

«ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። አረንጓዴ መሆኑን ማን ነገረህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እሱን የማያውቅ አለ?» አለኝ፣ ቅር ብሎት።

እኔ ደግሞ ጥቁርና ነጭ አይገርመኝም። ያደግኩት ጎረቤት ቤት መሬት ላይ ተኮልኩዬ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን እያየሁ ነው። የኳስ ማልያ በግምት ነበር የምንለየው። ስለዚህ ባልደረባዬ ሌሊት በእረፍት ሰዓት «ክሪቸር ፍሮም ዘ ብላክ ላጉን» የሚባለውን ፊልም ስልኩ ላይ ሲከፍትልኝ፣ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። የውሃ ውስጡ ትዕይንት የተቀረጸው ፍሎሪዳ፣ ዋኩላ የሚባል ምንጭ ላይ መሆኑን ሲነግረኝ ግን «እሄዳለሁ» አልኩ። እሱ ጉልበቱን ተሠርቶ ስለነበር ቀረ። «እኔን ወክለህ እየው» ነው ያለኝ።

ከኮለምበስ በታች ያለው የጆርጂያ መንገድ ኦቾሎኒ ነው። ኦቾሎኒ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደገና ኦቾሎኒ። እማዬ እንቅልፍ ወሰዳት። ታላሃሲን አልፈን ወደ ደቡብ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር እንደሄድን ዛፎቹ ተቀየሩ። ከቅርንጫፉ ላይ ግራጫ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ ዛፉ ሁሉ ጢሙን ያልተላጨ ሽማግሌ ይመስላል። እማዬ ነቃችና መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ምን ዓይነት አገር ነው ያመጣኸኝ?» አለች፣ ስታማትብ።

ማደሪያው ኤድዋርድ ቦል የሚባል ባለሀብት በ1937 ያሠራው ሎጅ ነው። ዛሬ ቦታው በሙሉ የፍሎሪዳ ስቴት ፓርክ ነው። ወለሉ እብነ በረድ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚቀበላችሁ ሰው አይደለም፣ አዞ ነው። ኦልድ ጆ ይባላል። ቁመቱ 3.4 ሜትር ይሆናል። ዘመኑን ሁሉ ማንንም ሳይነካ ምንጩ ዳር ፀሐይ ሲሞቅ ኖሮ፣ በ1966 ሰው ተኩሶ ገደለው። ገዳዩ አልተያዘም። አሁን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

«ምን አደረጋቸው?» አለች እማዬ።

«ምንም።»

«አይ ሰው!» አለችና ሣጥኑን መታ መታ አደረገችው፣ ለቅሶ ቤት እንደምታጽናና።

ከዚያ ርዝመቱ ከ20 ሜትር የሚበልጥ የእብነ በረድ ባንኮኒ ጋ ተቀመጥን። ጂንጀር ይፕ የሚሉት መጠጥ አላቸው፤ አይስክሬምና የዝንጅብል ለስላሳ ነው። እማዬ ዝንጅብል መኖሩን ስትሰማ መድኃኒት መስሏት ጨረሰችው። አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከሚሺጋን ነው የመጡት። ካናቴራቸው ላይ ያ የዓሣ ፊት አለ። ልጁ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እሱም ያንኑ ካናቴራ ለብሷል። እኔ ዓይኔን ካናቴራው ላይ ሳሳርፍ ሽማግሌው አዩኝ። ምንም አላሉም፣ ጠቀስ አደረጉኝ ብቻ። ሁለት የአንድ ሰፈር ልጆች ባዕድ አገር ላይ ሲገናኙ እንደዚያ ነው።

ማታ ክፍላችን ውስጥ ላፕቶፔን አልጋው ላይ አስቀምጬ ለእማዬ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም። «እስቲ ክፈተው» አለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ትራስ ተደግፋ። ፊልሙ 79 ደቂቃ ነው። እየተረጎምኩላት አየነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሳይንቲስቶች አማዞን ውስጥ ድንጋይ የሆነ የእጅ አጥንት ያገኛሉ። የቀረውን ፍለጋ በጀልባ ወደ አንድ የተደበቀ ሐይቅ ይገባሉ። እዚያ ባለቤቱ አለ። እማዬ መጀመሪያ ላይ ጭራቁን ስታይ «ኧረ በሥላሴ» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በአንድ ዓይኗ ግን ታያለች። ቆይታ ልብሱ ላይ መጣች።

«ማን ነው የሠራው? ስፌቱ እንኳ አይታይም» አለች። የልብስ ስፌት ሙያዋ ነው።

የጭራቁን መልክ የነደፈችው ሚሊሰንት ፓትሪክ የምትባል ሴት መሆኗን ነገርኳት። ስቱዲዮው ፊልሙን ለማስተዋወቅ ከተማ ለከተማ ላካት። የሜክአፕ ክፍሉ ኃላፊ ባድ ዌስትሞር ግን ምስጋናው ለእኔ ብቻ ነው አለ፤ ስትመለስ ሥራ አልሰጣትም። ስሟ ለአሥርት ዓመታት ተዳፍኖ ቆይቶ፣ እንደገና ፈልገው ያወጡት የፊልሙ ወዳጆች ናቸው።

«በላት በለኛ!» አለች እማዬ። ለብዙ ደቂቃ ፊልሙን ትታ ስለ ሰውየው ነበር የምትናደደው። እሷም አንድ ጊዜ ባለ ሱቅ በሠራችው ቀሚስ ሥር የራሱን ስም ለጥፎባት ያውቃል።

ከዚያ ሳይንቲስቶቹ ውሃው ላይ ሮቴኖን የሚባል ዱቄት ነሰነሱ። ዓሦቹ ሰክረው ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፈፉ። እማዬ ከትራሷ ብድግ አለች።

«ይሄማ ብርብራ ነው!»

ልክ ነበረች። የእማዬ አገር ጎጃም ነው። እዚያ ልጆች የብርብራ ፍሬ ይወቅጡና ወንዝ ላይ ይበትናሉ፤ ዓሣው ደንዝዞ ሲንሳፈፍ በእጅ ይለቅማሉ። የብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝም ያው ሮቴኖን ነው። ይህን ፊልም ያን ያህል ጊዜ ሳይ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እማዬ በአንድ እይታ ደረሰችበት።

«ቆይ» አለች። «ቤቱ ድረስ መጡበት። ውሃውን መረዙበት። አሁን ደግሞ ሊይዙት ነው። ጭራቁ ማነው ታዲያ?»

የዚህ ፊልም ወዳጅ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ዞሮ ዞሮ፣ የሚያወራው ይህንን ነው። ማሪሊን ሞንሮ እንኳ በ1955 በወጣው ዝነኛ ፊልሟ ላይ፣ ያቺ ነጭ ቀሚሷን ነፋስ ከማንሳቱ በፊት፣ ከሲኒማ ቤት የምትወጣው ይህንኑ ፊልም አይታ ነው። የምታዝነውም ለጭራቁ ነው። ባልደረባዬ የመጨረሻውን ትዕይንት፣ ጥይት በልቶ ቀስ እያለ ወደ ጥልቁ ሲሰምጥ፣ አያይም። ሲጋራ ላጭስ ብሎ ይወጣል። ሲጋራ ካቆመ አሥር ዓመቱ ነው። እማዬ እስከ መጨረሻው አየችው። «ነፍስ ይማር» ብላ መብራቱን አጠፋች።

ጠዋት ጀልባ ላይ ወጣን። አስጎብኚዋ «ለወፍ የመጣችሁ?» ስትል ጥቂት እጅ ወጣ። «ለጭራቁስ?» ስትል ግማሹ ጀልባ ጮኸ። ሽማግሌው ሁለቱንም እጃቸውን ነው ያወጡት።

እውነቱን ልናገር፤ ውሃው እንደ ፊልሙ አልጠራም። በ1953 ሲቀረጽ እስከ ታች ድረስ ወለል ብሎ ይታይ ነበር፤ የመጡትም ለዚያ ነው። አሁን ብዙ ቀን ሻይ ይመስላል። ከሥራቸው መስታወት ያላቸው ጀልባዎች የሚወጡት ውሃው ሲጠራ ብቻ ነው። በእኛ ቀን አልጠራም። ቅር አለኝ። ግን ዳር ዳሩን አዞው አለ፣ ኤሊው ግንድ ላይ ተሰልፎ ፀሐይ ይሞቃል፣ ክንፉን ዘርግቶ የሚያደርቅ ጥቁር ወፍ አለ። በመሃል አንድ ግራጫ ነገር ውሃውን ከፍቶ ተነፈሰና ተመልሶ ጠለቀ። ጀልባው ውስጥ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ማናቲ ነበር፣ የባሕር ላም የሚሉት።

አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ፊልሙ በሚቀረጽበት ጊዜ እዚህ ጀልባ እየነዱ፣ በዜማ እያወሩ እንግዳ የሚያስጎበኙት ጥቁሮች ነበሩ። እዚያው ውሃ ውስጥ መዋኘት ግን ለእነሱ አይፈቀድም። የዓሣ ልብስ የለበሰ ሰው ይዋኛል፣ እነሱ አይዋኙም። ለእማዬ ስተረጉምላት ራሷን ነቀነቀች።

አስጎብኚዋ ሞተሩን ምንጩ ላይ አጠፋችና ስለ ሪኩ ብራውኒንግ አወራች። የ23 ዓመት የፍሎሪዳ ልጅ፣ የውሃ ትርኢት ዋናተኛ ነበር። የፊልም ሰዎቹ ቦታ ሲያዩ አብሯቸው ዞረ። ለመለኪያ እንዲሆነን እስቲ ካሜራው ፊት ዋኝ አሉት፣ ዋኘ። በኋላ ደውለው ጭራቁን ሁንልን አሉት። የብስ ላይ ያለውን ቤን ቻፕማን ካሊፎርኒያ ሆኖ ሠራ፤ ውሃ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ብራውኒንግ ነው። ጭራቁ በስንጥቡ ነው የሚተነፍሰው፣ ስለዚህ የአየር ጋን መሸከም አይችልም። ከካሜራ ውጭ ካለ ቱቦ አየር ይስባል፣ ቱቦውን ይለቃል፣ ይዋኛል። እስከ አራት ደቂቃ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ያቺ ሁሉም የሚያስታውሳት ትዕይንት፣ ልጅቷ ላይ ላይ ስትዋኝ እሱ ከሥሯ በጀርባው ተንጋሎ እንደ ጥላዋ የሚከተላት፣ እዚህ ነው የተቀረጸችው። እሷም የፊልሙ ዋና ተዋናይት ጁሊ አዳምስ አይደለችም፤ ጂንጀር ስታንሊ የምትባል ዋናተኛ ናት የተካቻት። ብራውኒንግ በ2023 በ93 ዓመቱ አረፈ።

«አራት ደቂቃ!» አለ የሽማግሌው የልጅ ልጅ።

ከጀልባው ወርደን ሣሩ ላይ ስንቀመጥ ልጁ ጉንጩን ነፍቶ ትንፋሹን ያዘ። አያቱ ሰዓት ይዘዋል። እማዬ ጮክ ብላ በአማርኛ ትቆጥራለች። ሠላሳ ሰባት ላይ ፈነዳ። «ጎሽ!» አለችው እና ዳቦ ቆሎ ዘገነችለት። ሽማግሌውም ሞከሩ፣ ሃያ ሳይሞላ ሳላቸው መጣ። «በላቸው፣ በእሳቸው ዕድሜ ጨዋታ አይደለም» አለችኝ። ተረጎምኩላቸው፤ ሳቁ። እኔን አትጠይቁኝ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ እማዬ ተነሳች።

«ቀትር ሆነ። እንሂድ።»

ልጅ ሳለሁ «በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ ጋኔን አለበት» ትለኝ ነበር። እዚህም አልቀረልኝም። ዋናተኞች ከማማው ላይ እየዘለሉ ይንቦጫረቃሉ፣ እሷ እጄን ይዛ ወደ መኪናው ትጎትተኛለች። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ሎጁ ውስጥ ገባችና ቆየች።

ጆርጂያ ከገባን በኋላ ከቦርሳዋ ትንሽ የወረቀት ከረጢት አወጣች። ውስጡ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ነው። አረንጓዴው ጭራቅ፣ እጁን ዘርግቶ።

«ለባልደረባዬ ነው?» አልኳት።

«ለእሱ አንተ ግዛለት። ይሄ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው።» አገላብጣ አየችው። «ምስኪን። ከእመቤታችን ሥዕል ግን ራቅ አድርጌ ነው የምለጥፈው።»