አቴ፣ አካ፣ ዲዲ

ቤይሩት ስሄድ በእጄ የነበረው ሙያ ፀጉር ብቻ ነበር። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፀጉር ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሹሩባ እሠራለሁ፣ ቢጎዲን እጠቀልላለሁ፣ ሂውማን ሄር እሰፋለሁ። ሂውማን ሄሩ በላስቲክ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ጥቁር፣ ሉጫ፣ የሚያብረቀርቅ። አውጥቼ አበጥረዋለሁ፣ ሰፍቼ ደንበኛዬን እሸኛለሁ። ያ ፀጉር የማን እንደነበር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

በ2014 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ ገባሁ። ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ዕረፍቴ እሑድ ነው። እሑድ ደግሞ ዶራ የሚባል ሰፈር እንገናኛለን። ኢትዮጵያዊቷ፣ ፊሊፒኗ፣ ስሪላንካዊቷ፣ ባንግላዴሿ፣ ኔፓሏ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚወጣው። ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ እዚያ ይላካል። በርበሬውም የኮኮናት ዘይቱም እዚያ ይገዛል። ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ሆነን እዚያው አጠገብ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። ፍራሽ፣ መስታወት፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ቡና ይፈላል፣ እኔ ሹሩባ እሠራለሁ።

አንድ እሑድ ፊት ለፊታችን ያለው ክፍል የምትመጣ ፊሊፒናዊት በሩ ላይ ቆማ ስታየን ቆየች። ልደቷ ነበር። እንደ ጓደኛሽ አድርገሽ ሥሪኝ አለችኝ። አስቀመጥኳት። ፀጉሯ እስከ ወገቧ የሚወርድ ዞማ ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስትሄድ አምራ ነበር፤ ማታ ደወለችልኝ። ግማሹ ተፈትቷል።

በጣም ደነገጥኩ። ሹሩባ ተፈታብኝ ማለት ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ምን አጠፋሁ እያልኩ አሰብኩ። በማግስቱ ሳህን እያጠብኩም እሱን ነው የማስበው።

ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን ፀጉሩን አለማወቄ ነበር። የእኛ ፀጉር ይጠማዘዛል፤ ዘለላው ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ጎንጉነሽ ጫፉን ጠምዘዝ ብታደርጊው ይቆያል። የእነሱ ዘለላ ወፍራም፣ ክብና ቀጥ ያለ ነው። ላዩም ልስልስ ነው። ምንም የሚይዘው ነገር የለም፤ ይንሸራተታል።

በሚቀጥለው እሑድ ራሴ ጠራኋት። በዚያ ቀን ታጥባ እንዳትመጣ ነገርኳት፤ አዲስ የታጠበ ፀጉር ይበልጥ ያንሸራትታል። ትንሽ ውኃ ነፋሁበት፣ በጣቴ ጫፍ ጄል ነካ አደረግሁበት። ቀጭን ቀጭን አድርጌ ከፈልኩት። ጫፉን በትንንሽ ላስቲክ አሰርኩ። እንዳይፈታ ብዬ ግን አጥብቄ ጎተትኩት፤ ይኼ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ግንባሯ ዙሪያ ቀላ፣ ራሷን አመማት። ፈትቼ እንደገና ላላ አድርጌ ሠራሁት። የሚይዘው ጄሉና ላስቲኩ ነው እንጂ የእጅ ጉልበት አይደለም። ሹሩባ ለምትሠሩ ሁሉ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። ዙሪያው ያለው ፀጉር አንዴ ከተነቀለ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዴም አይመለስም።

ያን ጊዜ ነው አቴ ያለችኝ። በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። እኔ እቴ ያለችኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። ያን ቃል ከሰማሁ ወራት አልፎኝ ነበር።

ወሬው ተሰማ። እሑድ እሑድ ክፍላችን መሙላት ጀመረ። ገንዘብ አልቀበልም ነበር። አንዷ ሩዝ በዶሮ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ሻምፑ።

ስለ ዘይት ከእነሱ ነው የተማርኩት። እኔ እንደለመድኩት ከታጠበ በኋላ ቅባት ስቀባቸው እኩለ ቀን ሳይሞላ ፀጉሩ ራሳቸው ላይ ይተኛል። ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ የራስ ቆዳ የሚያወጣው ቅባት በቀላሉ እስከ ታች ይወርዳል፤ ተጨማሪ አይፈልግም። የእኛን ግን ጥምዝምዙ ስለሚያግደው ጫፉ ይደርቃል። ለጋ ቅቤ የምንቀባውም ለዚህ ነው። ስሪላንካዊቶቹ የኮኮናት ዘይቱን ከመታጠባቸው በፊት ነው የሚቀቡት። አሽተው፣ አቆይተው፣ ከዚያ በደንብ ያጥቡታል።

ካውያ መጠቀም ከባድ ነበር። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ጀነሬተር ነው ያለን፤ ኢሽቲራክ ይሉታል። የእኛ 5 አምፔር ብቻ ነው። ፒያስትራና የውኃ ማሞቂያ አንድ ላይ ከተሰካ ቤቱ ይጨልማል። ስለዚህ ወደ ቢጎዲን ተመለስኩ። ወፍራም ሉጫ ፀጉር ቶሎ አይጠቀለልም፤ ቢጠቀለልም ይወርዳል። ምስጢሩ ሳይደርቅና ሳይቀዘቅዝ አለመፍታት ነው። ፀጉር ቅርጹን የሚይዘው ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ነው። ጠቅልያቸው ቡናችንን እስከ በረካ እንጠጣለን። ከዚያ ስፈታው ይቆማል።

መቀስ ላይም አጥፍቻለሁ። አንዲት የኔፓል ልጅ ዲዲ እያለች ትጠራኛለች፤ እሱም እህት ማለት ነው። ግንባሯ ላይ የሚወርደውን ቁረጪልኝ አለችኝ። ርጥብ እያለ ቅንድቧ ላይ አስተካክዬ ቆረጥኩት። ሲደርቅ ከቅንድቧ በላይ ወጥቶ እንደ ቡሩሽ ቆመ። ርጥብ ፀጉር ረዘም ይላል፤ ወፍራም ዘለላ ደግሞ ሲያጥር ወደ ውጭ ይቆማል። ምንም አላለችኝም፤ መስታወቱን ግን ቶሎ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ደረቁን ነው የምቆርጠው፤ መቀሱን ቁልቁል ይዤ ጫፍ ጫፉን፣ ጥቂት ጥቂት። ቀጥ ያለ ፀጉር የመቀሱን እያንዳንዱን ምልክት ያሳያል።

ፀጉር ማንጣት ግን እምቢ አልኩ። ጥቁር ፀጉር ሲነጣ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካንማ ይሆናል። እሱን አልፎ ለመሄድ ብዙ ኬሚካል ይፈልጋል። መስኮት በሌላት ክፍል በሰው ራስ አልሞክርም።

በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንዲት ስሪላንካዊት መጣች። ታሚል ናት፤ ኑዋራ ኤሊያ ከሚባለው የሻይ አገር። ሻሿን አላወለቀችም። እሑድ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቡና ትጠጣለች። በሦስተኛው ሳምንት ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ ጆሮዋ ላይ ተቆርጧል፤ አንዱ ጎን ረጅም፣ አንዱ ጎን አጭር። አሠሪዋ ናት የቆረጠቻት፣ በገባች በሁለተኛው ቀን፣ በወጥ ቤት መቀስ። ምግብ ውስጥ እንዳይገባ ነው ተብላለች። ሻንጣዋ ውስጥ ሻሽ ነበራት። ልሰር አለቻት፤ የሰማት የለም።

በተሰባበረ አረብኛችን ነው የምናወራው። ስታወራ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ እጄ የተንቀጠቀጠው። ሁለቱን ጎን ለማስተካከል ረጅሙን መቁረጥ ነበረብኝ፤ ሌላ ፀጉር ከእሷ ላይ መቀነስ ከበደኝ። ልጠይቃት ግድ ሆነ። አዎ አለች። ቆረጥኩ፤ የወደቀውን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት።

የዚያን ቀን ጓደኛዬ የገዛችው ሂውማን ሄር ፍራሹ ላይ ነበር። ስሪላንካዊቷ አንስታ በጣቶቿ መሀል አሳለፈችው። ትንሽ ሆና በጠና ታማ ነበር። እናቷ ከዳንሽ ፀጉሬን ለአምላክ እሰጣለሁ ብላ ተሳለች። ልጅቷ ዳነች፤ እናትየው ተላጨች። ደቡብ ሕንድ ቲሩማላ በሚባለው ቤተ መቅደስም እንዲሁ ነው። ብዙ ሕዝብ ለስለት ይላጫል፤ ፀጉሩን ቤተ መቅደሱ በጨረታ ይሸጠዋል። በዓለም ላይ ከሚሰፋው ሂውማን ሄር እንዲህ የመጣም አለ። ስለትን እኔም አውቃለሁ። ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለች እናት ልጅ ነኝ። ፒያሳ እያለሁ በእጄ ያለፈውን ፀጉር ሁሉ አሰብኩ። እናቷ ራሷ ሰጠች። ከእሷ ግን ተወሰደባት።

ከዚያ በኋላ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ በሜትር እንለካ ጀመር። በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አካ ነበር የምትለኝ፤ ታላቅ እህት። በዓመቱ ትከሻዋን አለፈ። ሻሿን ዶራ መንገድ ላይ ማውለቅ ጀመረች።

በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ኮንትራቷ አለቀ። ሰልፉ የተፋፋመበት ጊዜ ነው፤ መንገዱ በጎማ ቃጠሎ ተዘግቷል። የመጨረሻው እሑድ በእግሯ መጣች። በርዶኝ ነበር፤ የኮኮናት ዘይቱም ረግቷል፤ ከ24 ዲግሪ በታች ሲሆን ይረጋል። ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሜ አቀለጥኩት። አሸሁላት፣ ታጠበች፣ ሲደርቅ አንድ ወፍራም ጉንጉን ሠራሁላት። ለመጨረሻ ጊዜ ለካን። ከተቆረጠበት ጊዜ ጀምሮ 41 ሴንቲ ሜትር። ዘይቱን ትታልኝ ሄደች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶ ላከችልኝ። ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ከኋላዋ የሻይ ተክል ያለበት ዳገት ይታያል። ጉንጉኗ ላይ ነጭ የጃስሚን አበባ ዙሪያውን ተሰክቷል። የእኔ አሠራር አልነበረም። እናቷ ናት የሠራችላት።