የጣራዬን ውሃ ግቢዬ ውስጥ ያስቀረሁበት መንገድ

ዝናብ በመጣ ቁጥር ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ግቢውን ሰንጥቆ በበሩ ስር ይወጣና ታች ያሉት ጎረቤቶች ደጅ ላይ ነበር የሚጠራቀመው፣ እኔ ደሞ ዝናብ ነው ምን ይደረጋል ብዬ ነበር የማልፈው። አንድ ቀን ግን ሂሳቡን ሰራሁት። 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ነው፣ የኔ ጣራ 80 ካሬ ነው፣ ስለዚህ 25 ሚሊ ከዘነበ 2,000 ሊትር ውሃ ጎረቤት ላይ እየለቀቅኩ ነው ማለት ነው! በጣም ከነከነኝ።

ከዛ ሬን ጋርደን ለመስራት ወሰንኩ፣ ማለትም ዝቅ ያለ የአትክልት መደብ ሆኖ የጣራው ውሃ እዛ ገብቶ ቀስ እያለ ወደ መሬት የሚሰርግበት። ከቤቱ መሰረት 3 ሜትር ራቅ አድርጌ 10 ካሬ ቦታ 15 ሳንቲም ያህል ቆፈርኩ፣ ይሄ ብቻውን 1,500 ሊትር ይይዛል። ከመቆፈሬ በፊት አፈሩን ፈትኜ ነበር፣ 30 ሳንቲም ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ትሞላላችሁ፣ ሲሰርግ እንደገና ትሞላላችሁ፣ የምትለኩት ሁለተኛውን ነው፣ ምክንያቱም ደረቅ አፈር የመጀመሪያውን ቶሎ ስለሚጠጣው ያታልላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካለቀ ጥሩ ነው፣ የኔም አለቀ።

ግን ትልቁን ስህተት የሰራሁት ከዛ በኋላ ነው። ዘንቦ ባደረ ማግስት ሸክላማው አፈር ገና እርጥብ እያለ ሶስት ሰው ሆነን ገብተን ቆፈርን፣ ታቹን በእግራችን ጠቀጠቅነው፣ በቃ እንደ ሊሾ ሆነ። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ውሃው አራት ቀን ቆመ። ጎረቤቴ ያሉ እናት መጥተው «ልጄ፣ ቢምቢ ልታፈይብን ነው እንዴ?» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ቢምቢ ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። እስኪደርቅ ጠብቄ ታቹን በዶማ 30 ሳንቲም ድረስ አላላሁት፣ ኮምፖስት ቀላቀልኩበት፣ በዚህኛው ዙር ጣውላ ላይ ቆሜ ነው የሰራሁት። አሁን ማታ የሞላው ጠዋት የለም።

ሌላው ውሃው የሚገባበት ቦታ ነው፣ ከአሸንዳው በሃይል ስለሚወርድ ችግኞቼን ነቅሎ ወሰዳቸው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስደረድርበት ነው ያረፈው። እዛው ጋ ቅጠልና ደለል ይጠራቀማል፣ ካልተጠረገ ይደፈናል። በሌላኛው ጫፍ ደሞ ለትርፉ ውሃ መውጫ ተዉ፣ ከአቅሙ በላይ የሚዘንብበት ቀን አለ። ተክሎቹን በተመለከተ ስራቸው ጠለቅ የሚል፣ ውሃ ሲተኛባቸውም ሆነ ደረቅ ወራት ሲመጣ የሚችሉ የአካባቢ ሳሮች ነው የመረጥኩት፣ ስራቸው ራሱ አፈሩን ይከፍተዋል።

እኚሁ እናት አሁን የሳቸውም ግቢ እንዲሰራ ጠይቀውኛል። የሳቸው ጣራ ከኔ ይሰፋል፣ ትላንት ጉድጓዱን ቆፍረን አንዴ ሞልተነዋል፣ ሁለተኛውን ነገ ጠዋት እንለካለን።