ዳይቪንግ ጣና ላይ ይጀመራል ወይ?

«ዳይቪንግ (ጀርባ ላይ ከታዘለ የአየር ታንክ እየተነፈሱ ውሃ ውስጥ መጥለቅ) እዚሁ ጣና ላይ ብንጀምርስ?» የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል። እኔ አልመክርም። ውሃው ደለል የበዛበት ነው፤ በተለይ በክረምት ጠለቅ ካላችሁ የገዛ እጃችሁን ማየት ይቸግራችኋል። ዳር ዳሩን ቢልሃርዚያ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ፣ ከጉማሬ ጋር ቀልድ የለም። ዋና የማይችል መጀመሪያ ሆቴል ገንዳ ገብቶ ይማር።

ለጀማሪ የሚሻለው አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ነው። ለኛ ጅቡቲ ትቀርባለች። አሸዋው ቀስ እያለ ስለሚጠልቅ ካልተመቻችሁ ቆም ብላችሁ ራሳችሁን ታረጋጋላችሁ፣ ጀልባም አያስፈልግም። ያለ አስተማሪ ግን እንዳትሞክሩት።

አገባቡ ዘዴ አለው። ፊን፣ ማለትም እግር ላይ የሚጠለቀውን ሰፊ መቅዘፊያ፣ አድርጎ አሸዋ ላይ መራመድ በግንባር ለመደፋት ነው። ፊኑን በእጃችሁ ያዙ፤ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነውን ማስክ አድርጉ፣ ከታንኩ አየር የሚሰጣችሁን ሬጉሌተር አፋችሁ ውስጥ ክተቱ፣ እስከ ወገባችሁ ከገባችሁ በኋላ ከጓደኛችሁ ጋር እየተደጋገፋችሁ ፊኑን አጥልቁ። ማዕበል ካለ ጋብ እስኪል ጠብቁት። ስትራመዱ እግራችሁን አታንሱ፣ አሸዋው ላይ ጎተት አድርጉት። ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አሸዋ ለብሶ ይተኛል፤ ከረገጣችሁት በጅራቱ መርዛም እሾህ ይወጋል፣ ንዝረቱ ቀድሞ ከደረሰው ግን ራሱ ይሸሻል።

ጆሯችሁን እስኪያማችሁ አትጠብቁ። ገና መውረድ ስትጀምሩ አፍንጫችሁን ይዛችሁ በአፍንጫ በኩል ቀስ ብላችሁ ንፉ፣ እየደጋገማችሁ።

የጣና ልጅ የሚቸገረው ትንፋሽ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከልጅነቱ ትንፋሹን ይዞ መጥለቅ ነው የለመደው። በታንክ ስትጠልቁ ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ የሳባችሁት አየር የውሃው ገጽ ላይ ስትደርሱ እጥፍ ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ሳንባ ይቀደዳል። ሁለት ሜትር ላይም ቢሆን አደጋው አለ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው መመለሻው ነው። ስትጠልቁ ሰውነታችሁ ናይትሮጅን ያጠራቅማል፣ ቶሎ ከፍ ወዳለ ቦታ ከወጣችሁ ደግሞ ደም ውስጥ አረፋ ይሠራል። አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት አንዴ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለባችሁ። «በባቡር እሄዳለሁ» ማለትም አያዋጣም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የኛዋም ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ የመጨረሻዋን ቀን ለዓሣ ጥብስ ተዉአት።