«ማዘዣ ይዘሃል ልጄ?»

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለች አንዲት የሞባይል ጥገና ሱቅ ነው። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ስክሪን ስንቀይር ደንበኛው ፓስወርዱን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ይጽፍልን ነበር። ስልኩ ተከፍቶ ካልተሞከረ ተቹ መሥራቱ አይታወቅማ። ስለዚህ መሳቢያችን ውስጥ ሁልጊዜ የብዙ ሰው ቁልፍ ነበር።

በግንቦት 2014 ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንዱ የደንብ ልብስ ለብሷል፣ ሌላው ሲቪል ነው። የአንድ ወጣት ስልክ እኛ ጋ እንዳለ ያውቃሉ።

«እትዬ፣ ክፈቱልንና ቴሌግራሙን አየት አድርገን እንመልሳለን» አለ ሲቪል የለበሰው።

«ማዘዣ ይዘሃል ልጄ?»

«ለሁለት ደቂቃ ነገር ምን ማዘዣ ያስፈልጋል? በአዋጁ ጊዜ እኮ እንዲህ ነበር የምንሠራው።»

እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ ይህቺ ንግግር ናት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ሲታወጅ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መፈተሽና ማሰር ተፈቅዶ ነበር። የካቲት 8 ምክር ቤቱ አነሳው። ልማዱ ግን አብሮ አልተነሳም። ሰውየው ክፉ አይመስለኝም። ለወራት የሚጠይቀው አልነበረም፤ ለመደው። ሥልጣን ሲጨመር «ለጊዜው ነው» ሲባል የምፈራው ለዚህ ነው።

እትዬ ስልኩን ከመሳቢያ አወጡ። ሲሪያል ቁጥሩን ጻፉ፣ በፖስታ አሸጉት፣ ፈረሙበት።

«ልጁን የቀጠርነው ለከነገ ወዲያ ነው። እስከዚያ እናንተ ፊት ቆልፌበታለሁ፤ ማንም አይነካውም። ማዘዣውን አምጡና ውሰዱት» አሉ።

ብልሃቱ የገባኝ በኋላ ነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ያለ ማዘዣ እንዲፈትሽ የሚፈቅድበት ጊዜ አለ። አንዱ፣ ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ሆኖ፣ ማዘዣ እስኪወጣ ድረስ ማስረጃው ይሰወራል ተብሎ ሲታመን ነው። ታሽጎ የተቆለፈበት ስልክ የት ይሄዳል? የመቸኮያው ምክንያት እዚያው አለቀ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤ፣ የስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ገደብ ሊጣል የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ነው።

ሲቪል የለበሰው «ንግድ ፈቃድዎንም እናየዋለን» ብሎ ዛተ። እትዬ ፈቃዱ የተሰቀለበትን ግድግዳ አሳዩት። የደንብ ልብስ የለበሰው አንድም ቃል አልተናገረም። ወጥተው ሄዱ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። ማዘዣ የያዘ ሰው አልመጣም። ልጁ በቀጠሮው ቀን ስልኩን ሲወስድ እትዬ የሆነውን አንድ በአንድ ነገሩት።

ነገሩን የሰማ አንድ የጎረቤት ባለሱቅ «አቦ፣ የሚደብቀው ከሌለ ምን ያስፈራዋል?» አለን። ተናደድኩ። ስልክ ሲሞከር ሳልፈልግም ዓይኔ ያርፍበታል። ጅቡቲ ያለች እህት የላከችው የድምፅ መልእክት፣ የእናት የሐኪም ውጤት፣ የእቁብ ሒሳብ፣ ቤተሰብ ገና ያልሰማው ፍቅር። አንዱም ወንጀል አይደለም፤ ሁሉም ግን የባለቤቱ ነው። ደግሞ የአንድ ሰው ቴሌግራም ሲከፈት የጻፉለት ሁሉ አብረው ይፈተሻሉ። እነሱን ማን ጠየቃቸው? ይህን ስነግረው ባለሱቁ ዝም አለ። የተስማማ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ፓስወርድ አንቀበልም። የድሮዎቹን ደረሰኞች እትዬ ራሳቸው ቀዳደው ጣሏቸው። አሁን ጥገናው ሲያልቅ ደንበኛው በእጁ ይከፍታል፣ እዚያው ፊቱ እንሞክራለን። በድሬ ሙቀት ቆሞ መጠበቅ ያሰለቻል፤ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ፖሊስ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይዞ ከመጣ ስልኩን በፊርማ እናስረክባለን፤ ይህንንም ደንበኛው ስልኩን ሲሰጠን ገና እንነግረዋለን።