አንድ ደም፣ ሁለት ቁጥር

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ አስሬ ለካሁ፣ 124 በ78። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። እስክሪብቶው እጄ ላይ እያለ ይሄንንም ልጻፈው። ዛሬ እርግዝናዬ 24 ሳምንት ሞላው።

እህቴ ሰጥታኝ የተተከለልኝ ኩላሊት ያለው ከእምብርቴ በታች፣ በስተቀኝ ነው። ብዙ ሰው የታመመው ወጥቶ እዚያው ቦታ ላይ አዲሱ የሚተካ ይመስለዋል። አይደለም። የድሮዎቹ ከኋላ እንዳሉ ይቀራሉ፣ አዲሱ ከፊት፣ ዳሌ አጠገብ ይገባል፣ በእጄ ስዳስሰው ጠንከር ብሎ ይሰማኛል። አሁን ማህፀኔ ሲያድግ ጎረቤታሞች ሆነዋል። እህቴ ከሲያትል ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "እንዴት አደሩ?" ብላ ነው፣ ሁለቱን ማለቷ ነው።

እማዬ ስለ ቁጥር መስማት አትፈልግም። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ ልጄ" ትልና ወሬውን ትዘጋዋለች። እኔ ግን ስንት ዓመቴ፣ ከቁጥር ጋር ነው የምኖረው።

በፈረንጆቹ 2018 የደም ውጤቴን ሰጡኝ። ክሬቲኒኔ፣ ማለት ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ የተጻፈው አንድ ጊዜ ነው፣ ከሥሩ ግን የኩላሊቴ አቅም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አፍሪካን አሜሪካን ካልሆነች 19፣ ከሆነች 22። ወረቀቱን ይዤ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። እዚህ አሜሪካ በኩላሊት ተጠባባቂዎች መዝገብ ላይ ጊዜሽ መቆጠር የሚጀምረው አቅምሽ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው፣ አለበለዚያ እጥበት ስትጀምሪ። አንድ ደም፣ አንድ ክንድ፣ በአንዱ ቁጥር መዝገብ እገባለሁ፣ በሌላው "ገና ነሽ" እባላለሁ። የተባልኩት ሁለተኛውን ነው።

ስሌቱ የመጣው ከድሮ ጥናቶች ነው። ጥናቶቹ ላይ የነበሩ ጥቁሮች ክሬቲኒናቸው በአማካይ ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ጡንቻቸው ቢበዛ ነው ተብሎ የሁሉም ጥቁር የኩላሊት አቅም ውጤት በ16 በመቶ ገደማ ከፍ እንዲል ተደረገ። እኔ ያኔ 51 ኪሎ ነበርኩ። በ2021 ስሌቱ ተቀየረ፣ በ2023 ደግሞ በሱ ምክንያት ለዘገዩ ጥቁር ተጠባባቂዎች የጠፋው ጊዜ እንዲመለስላቸው ታዘዘ። እኔ ግን ያኔ የእህቴን ኩላሊት ይዤ ቤቴ ነበርኩ።

ልጅ እፈልጋለሁ ብዬ የሄድኩ ቀን ዶክተሯ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይገፋው የምውጠው ማይኮፌኖሌት ጽንስ ስለሚጎዳ ከማርገዝ ቢያንስ 6 ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት፣ በሱ ፈንታ አዛታዮፕሪን የሚባል መድኃኒት። ኩላሊት ከተተከለላቸው ሴቶች ከ100 እርግዝና 73 ያህሉ በሕይወት ይወለዳል፣ ግማሽ ገደማው ሳይደርስ ይወለዳል፣ ከአራት እናቶች አንዷ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለት በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት፣ ይይዛታል። ከዚያ ዝም አለችና "ለጥቁር ሴቶች አደጋው ይበልጣል" አለችኝ። የቱ ጥቁር? ብዬ ጠየቅኳት። እውነት ለመናገር ተናድጄ ነበር።

ቤት ገብቼ ሳነብ አደርኩ። በ2010 ኤፒኦኤል1 የሚባል ጂን ላይ ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጡ ሁለት ለውጦች ተገኙ። ከምዕራብ አፍሪካ ዘር በሚመዘዙ ሰዎች ላይ ነው የሚበዙት፣ የእንቅልፍ በሽታን ስለሚከላከሉ ነው እዚያ የተስፋፉት። እስራኤል ያሉ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ 338 ኢትዮጵያውያንን አይተው፣ በሌሎች አፍሪካውያን ላይ የሚያውቁትን የኩላሊት ጉዳት አንዱም ላይ አላገኙም። እነዚያ የጂን ለውጦች በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ አልተገኙም። ባለቤቴን ቀስቅሼ አነበብኩለት። እፎይ አልኩ።

እፎይታው እስከ 21ኛው ሳምንት ቆየ። ራሴን ወጥሮ አመመኝ፣ ዓይኔ ብልጭ ብልጭ አለብኝ። ድንገተኛ ክፍል ሄድን። ኩላሊት የተተከለላት እርጉዝ ነኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። የራስ ምታት ነው፣ ተቀመጪ አሉኝ። ለሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ተቀመጥኩ። ከኔ በኋላ የመጣች ነጭ እርጉዝ ቀድማኝ ገባች፣ ምን ሆና እንደመጣች አላውቅም፣ ልፈርድባት አልችልም። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነው ግፊቴን የለኩት፣ 152 በ98። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አልነበረም፣ በመድኃኒት ወረደ። ግን እዚያ ወንበር ላይ ጂኔን ያየው ማን ነው? ያዩት ፊቴን ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ይሄ ቁጥር ደግሞ ሐበሻ ነሽ ብሎ አይዘለኝም።

ለፕሪኤክላምፕሲያ መከላከያ የምውጣት ትንሿ አስፕሪን ላይ እንኳ በ2021 የወጣው የአገሪቱ መመሪያ ጥቁር መሆንን ከአጋላጭ ነገሮች ይቆጥራል፣ ምክንያቱ ማኅበራዊ እንጂ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም ብሎ ነው የጻፈው። ያንን መስመር ሳነብ ለዶክተሯ የመለስኩላት ንዴት ትዝ አለኝና ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2015 ነው። እዚያ ብሆን ወረቀቴ ላይ ዘር የሚል መስመር አይኖርም ነበር፤ ጭንቀቴ ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይገፋው የሚያደርገው ሌላው መድኃኒት፣ ታክሮሊመሱ፣ ይገኛል ወይ የሚለው ይሆን ነበር።

ኩላሊት ከተተከለላት በኋላ መጀመሪያ የወለደችው ኢዲት ሄልም ናት፣ አሜሪካዊት፣ በ1956 ከመንትያ እህቷ ወስዳ በ1958 ወለደች። እሷም ከእህቷ። ስለሷ ሳነብ አለቀስኩ።

ጠዋት ደም እሰጣለሁ። ታክሮሊመሱ እርግዝና ላይ ደም ውስጥ ስለሚቀንስ መጠኑን ሁለት ጊዜ ጨምረውልኛል። የሚጨምሩት በቀለሜ ገምተው ሳይሆን ደሜን ለክተው ነው፣ ለዚህ ነው ክኒኑን ሳልውጥ የምሄደው። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ልጄ ነቅታለች። በስተቀኝ በኩል ነች።