ሐዘኑ ያለው ቁልፉ ላይ ነው

ተጫዋቹን ማሳዘን የፈለገ ጀማሪ ጌም ሠሪ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፒያኖ ነው። ዝናብ፣ ቀዝቀዝ ያለ ዜማ፣ አልጋ ላይ ያለች እናት፣ ሦስት ደቂቃ የሚታይ ቪዲዮ። ተጫዋቹ ግን ያን ጊዜ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጣል አድርጎ ስልኩን ይነካካል፤ እጁ ሥራ ፈትቷላ!

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የጌም ሠሪውን የጆሴፍ ፋረስን «ብራዘርስ» የተባለ ጌም እንይ። (መጨረሻውን ስለምናገር ያልተጫወታችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጆይስቲክ ይታዘዛሉ፤ የግራው ስቲክና የኋላ ቁልፍ የታላቁ፣ የቀኙ የታናሹ። ታናሹ ውኃ ስለሚፈራ የሚሻገረው ታላቁ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ነው። ታላቁ ሲሞት ግራ እጅ ሥራ ያጣል። ከዚያ ታናሹ ብቻውን ውኃ ፊት ይቆማል፤ በራሱ ቁልፍ አይገባም፣ የሟቹ ቁልፍ ሲጫን ግን ይዋኛል። በንግግር የተብራራ ነገር የለም፤ ሰዎቹ የሚያወሩት ራሱ የትም አገር የሌለ ቋንቋ ነው። ይህ የሚሠራው ግራ እጃችን ለሰዓታት ታላቅ ወንድም ሆኖ ስለከረመ ነው። በአሥር ደቂቃ ጌም ላይ ቢሞከር ተጫዋቹ የሚለው «ጆይስቲኩ ተበላሸ እንዴ?» ነው። መንጠቅ የሚያመው የተለመደ ነገር ሲሆን ብቻ ነው።

«ጆርኒ» የተባለው ጌም (እ.ኤ.አ. 2012) ደግሞ በሁለት የማይተዋወቁ ተጫዋቾች መካከል ፍቅር መፍጠር ፈለገ። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሰዎቹ መገፋፋት ይችሉ ነበር፤ እና ምን አደረጉ? ገደል እየገፈተሩ ተጫወቱ። ክፋት አልነበረም። ተጫዋች ትልቅ ምላሽ የሚያገኝበትን ነገር ይደጋግማል፣ ከመገፍተር የበለጠ ምላሽ የሚሰጥ ነገር ደግሞ አልነበረም። የጌሙ ሠሪዎች ጄኖቫ ቼንና ባልደረቦቹ መገፋፋቱን አጠፉት፤ በምትኩ ሁለቱ ሲነካኩ ለመብረር የሚያስፈልገው ሻርፕ ኃይል እንዲሞላ አደረጉ። ሰዎቹ ተጠጋግተው መሄድ ጀመሩ። በእኔ ግምት ስለ ደግነት ከሚጻፍ ገጽ ሙሉ ንግግር ይህች አንዲት ለውጥ ትበልጣለች።

የራሳችሁን ስትሠሩ «ናፍቆት» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የናፈቀ ሰው ምን ያደርጋል? ዞር ብሎ ያያል፣ ይጠብቃል፣ ይጣራል። አንዱን መርጣችሁ ቁልፍ ስጡት፣ ጌሙ ምን እንደሚመልስለት ወስኑ፣ ከዚያ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ሥዕል፣ በሰውና በቦታ ፈንታ በባዶ ግራጫ ሣጥኖች ብቻ ሥሩት። አምስት ስድስት ሰው ለየብቻ አጫውቱት። አታስረዱ፤ ጣታቸውን እዩ። ተጫዋቿን «አሳዘነሽ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ በይሉኝታ አዎ ትላለች። «እዚህ ጋ ለምን ቆምሽ?» በሏት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። ጌሙ ውስጥ ያለ ልጅን ባቀፈ ቁጥር «+10» የሚል ነጥብ ብቅ ካለ ተጫዋቹ ማቀፉን ትቶ ሒሳብ ይጀምራል። የሚያሳዝነው ቦታ ከባድ ከሆነም፣ ሦስተኛ ጊዜ ወድቆ ሲነሳ ሐዘኑ ንዴት ሆኗል፤ እዚያ ላይ መውደቅ ባይኖር ይሻላል።

ሙዚቃው በመጨረሻ ይግባ፤ እሱም ተጫዋቹ ቁልፉን ከተጫነ በኋላ። ቀድሞ ከጀመረ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ነግሮት ያርፋል።